የፊት ጎማው ቀጥ ይበል፦ ከአዲስ አበባ ዳር በብስክሌት ለሚመላለሱ

ጥያቄ፦ «ከለገጣፎ ሲኤምሲ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። የምነዳው ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ነው። ባለፈው አንድ ወር ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አንዴ ከውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ስታጠፍ ጠጠር አንሸራቶኝ፣ አንዴ ደግሞ ለመኪና ልልቀቅ ብዬ ከአስፋልቱ ጠርዝ ከወረድኩ በኋላ ልመለስ ስል። ጉድጓድ ሲያጋጥመኝ ልዝለለው፣ ልሽሸው ወይስ ልቁም? ጎማዬን በቀጭን ብቀይረው ይሻላል? ክረምቱ ሳይገባ መልስ ባገኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

እንኳን ለከፋ አልሰጠዎት። ሁለቱ አወዳደቆች የተለያዩ ቢመስሉም ሁለቱንም ጊዜ የከዳዎት የፊት ጎማው ነው። ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄደው፣ ነጂው ሳያስበው መሪውን ወደሚያዘነብልበት ጎን በየቅጽበቱ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ጎማውን መልሶ ከክብደቱ ሥር ስለሚያስገባው ነው። ጠጠር ላይ ጎማው መሬቱን መጨበጥ ሲያቅተው፣ ወይም የአስፋልት ጠርዝና የፍሳሽ ፍርግርግ ክፍተት እንዳይዞር ሲይዘው፣ ይህ ሥራ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ለመውደቅ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ይበቃል። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብስክሌቱ ይወላገዳል እንጂ ብዙ ጊዜ ይታረማል፤ የፊቱ ግን ለማረም ጊዜ አይሰጥም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው፦ መጥፎ መሬት ላይ በሚያልፉበት ቅጽበት የፊት ጎማው ቀጥ ያለና ፍሬን ያልተያዘበት ይሁን። መታጠፉም ፍሬን መያዙም ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ይሠራ።

ከጠርዙ ልጀምር፤ በእርስዎ መስመር ከጉድጓድ ይልቅ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ከአያት ወዲያ ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ፣ እንደዚሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መውጫዎች፣ ብዙ ቦታ አስፋልቱ በከርብ ስቶን አልታሰረም። ጎኑን ዝናብ ሲያጥበው፣ ሚኒባስና ሲኖትራክ ወርዶ ሲወጣበት አፈሩ ይሸሻል፤ አስፋልቱም እንደ ደረጃ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሥሩ ዋልካ በሆነበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በዚህ መሐል ድጋፍ ያጣው ጠርዝ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይቆራረሳል። ለዚህ ነው እዚህ ጋ 3 ሴንቲ ሜትር የነበረው ደረጃ ሃያ ሜትር አልፈው ሲሄዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው።

ከወረዱ በኋላ ጎን ለጎን እየሄዱ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ሲያዞሩ ጎማው ደረጃውን አይወጣም፤ ጎኑ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰውነትዎ ግን ለመታጠፍ አስቀድሞ ወደ ግራ አዘንብሏል። ስለዚህ የሚወድቁት ወደ ግራ፣ መኪናው ወዳለበት ነው። ለመውጣት የሚሞክሩት ደረጃ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም እንኳ ማዕዘኑ ጠባብ ከሆነ ይጥላል።

ድንገት ከጠርዙ ከወረዱ የመጀመሪያው ነገር ለመመለስ አለመቸኮል ነው። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፔዳል መምታት ያቁሙ፣ የኋላ ፍሬኑን ቀስ አድርገው በመያዝ ፍጥነቱን ያብርዱ። ጎኑ የሚያስኬድ ከሆነ አስፋልቱና አፈሩ እኩል የሚሆኑበት ቦታ እስኪደርሱ በዚያው ይቀጥሉ። ካልሆነ ቁመው፣ ወርደው፣ ብስክሌቱን አንሥተው ይመለሱ፤ አሥር ሰከንድ ነው የሚወስደው። እየነዱ መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ይራቁ፣ ወደ ኋላ ዞረው ትራፊኩን ይመልከቱ፣ ከዚያ በእግር እርምጃ ፍጥነት ጠርዙን ፊት ለፊት ለመግጠም በሚቃረብ ማዕዘን ይቅረቡት። ከ45 ዲግሪ በታች በሆነ ማዕዘን አይሞክሩ። ጎማው ሲነካው ክብደትዎን ከመሪው ላይ ያንሡለት። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ደረጃ ግን መውረዱ ይሻላል።

መጀመሪያውኑ እንዳይወርዱ ደግሞ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብለው ይንዱ። ብዙ ብስክሌተኛ ለመኪና ቦታ ልልቀቅ ብሎ የአስፋልቱን ከንፈር ይዞ ይሄዳል። ትሕትናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለው። ጉድጓድ ቢመጣ በቀኝ የሚሸሹበት ቦታ አይኖርዎትም። ሾፌሩም ቦታ የሰፋ ስለሚመስለው ሳይዘገይ በትከሻዎ ሥር ያልፋል። አንድ ሜትር ገባ ሲሉ ጠጠሩ፣ የጠርሙስ ስባሪውና ሚስማሩ ከተከማቸበት ዳርም ይርቃሉ። ከኋላ ትልቅ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ካስጨነቀዎት መውረድ ነውር የለውም። የሚወርዱበትን ቦታ ግን እርስዎ ይምረጡት፦ ፍጥነት ቀንሰው፣ ጠርዙ እኩል በሆነበት ቦታ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው።

ስለ ጠጠሩ። ኮብልስቶኑ ወይም ፒስታው ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት አፍ ሁልጊዜ ጠጠርና ቀይ አሸዋ ይዞ ይገኛል፤ ከውስጥ የሚወጣው መኪና በጎማው ይዞ እየመጣ እዚያው ያራግፈዋል። ልብ ብለው ካዩት ጠጠሩ እኩል አልተበተነም። የመኪና ጎማ የሚረግጣቸው ሁለት ጭረቶች ንጹሕ ናቸው፤ በመሐላቸውና በመታጠፊያው ውጪ ይከመራል። ከሁለቱ ንጹሕ ጭረቶች አንዱን ይዘው ይውጡ። ፍጥነቱን ኮብልስቶኑ ላይ እያሉ በሰዓት እስከ 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ያውርዱት፣ ከዚያ ፍሬኑን ይልቀቁት። ጠጠሩን ቀጥ ብለው ይሻገሩና መታጠፉን ንጹሁ አስፋልት ላይ ይጨርሱ። ፍጥነት ላይ ይህን ያህል የምጫነው በምክንያት ነው፦ ሲታጠፉ ከጎማው የሚፈለገው ጭበጣ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሱ የሚያስፈልገው ጭበጣ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጠጠር ላይ ደግሞ ያለዎት ጭበጣ ትንሽ ናት። ምንም ምልክት ሳያዩ ጠጠር መሐል ገብተው ከተገኙ፣ መሪውን ቀለል አድርገው ይዘው፣ ብስክሌቱን ቀጥ አቁመው፣ ፍሬን ሳይነኩ ይለፉት። ከመስመርዎ አንድ ሜትር ወጣ ቢሉ ከመውደቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፦ መዝለል፣ መሸሽ ወይስ መቆም? አብዛኛውን ጊዜ መሸሽ፤ ግን ከሩቅ። ካልተቻለ ቀጥ ብሎ ፍጥነት መቀነስ ወይም መቆም። መዝለሉን ለሜዳ ይተዉት። ዘልለው የሚያርፉበትን መሬት ሳያዩ ከሚኒባስ ጎን መዝለል ከጉድጓዱ የከፋ አደጋ ነው።

ከሩቅ ስል ምን ያህል ነው? በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ዓይንዎ አይቶ እጅዎ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ 5 ሜትር ቢጨመር፣ 12 ሜትር ሆነ። ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) በዝናብ ከራሰ ከ17 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ዓይንዎ ከፊት ጎማው ሥር ወጥቶ ከ15 እስከ 20 ሜትር ወደፊት ማየት አለበት፤ የቅርቡን በጨረፍታ ብቻ ይቃኙ። ከሚኒባስ ኋላ ተጠግተው የሚነዱ ከሆነ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ጉድጓዱ ከመኪናው ሆድ ሥር ነው ብቅ የሚለው። ሚኒባሱ ያለፈበትን የመብራት ምሰሶ እርስዎ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ እንዲፈጅብዎት ርቀት ይተዉ። የመኪናውን ጀርባም ይከታተሉት፦ ድንገት ወደ ጎን ሲወዛወዝ ወይም አፍንጫው ሲደፋ የመንገዱን ወሬ እየነገረዎት ነው።

አሸሻሹ እንዲህ ነው። ጉድጓዱን ከሩቅ አዩት። በግራ ትከሻዎ ወደ ኋላ ይመልከቱ። ክፍት ከሆነ ግራ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፣ ከዚያ ከ20 ሜትር ቀድመው ቀስ በቀስ ወደ ግራ ይውጡ፤ ካለፉ በኋላ እንዲሁ ቀስ ብለው ይመለሱ። ከኋላ መኪና ካለ አይውጡ። ጉድጓድ ቢበዛ ጎማ ያፈነዳል፣ ቸርኬ ያጣምማል፣ ክንድ ይልጣል፤ ድንገት መኪና ፊት መግባት ግን ሕይወት ያሳጣል። ይህን ምርጫ አስቀድመው ከራስዎ ጋር ይጨርሱት፤ በሰከንድ ውስጥ ለመወሰን አይቻልምና።

ለትናንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ለድንጋይ ወይም ለጠባብ ጉድጓድ፣ ሌላ ዘዴ አለ። ሰውነትዎ በመስመሩ እየሄደ መሪውን ብቻ ፈጠን አድርገው ወደ ግራ ነካ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ነካ ያድርጉት፤ ጎማዎቹ ዙረው ሲያልፉ ሰውነትዎ ከላዩ ያልፋል። ይህ በንባብ አይገባም። እሑድ ጠዋት መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን አስቀምጠው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይለማመዱት፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋግሙት እጅዎ ይለምደዋል።

መግባቱ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ፍሬኑን እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ በደንብ ይያዙ፤ ጎማው ሊገባ ሲል የፊቱን ይልቀቁት። ፍሬን የተያዘበት የፊት ጎማ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚገባ በጉድጓዱ ማዶ ከንፈር ይቀረቀራል፤ ነጂውንም በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ፔዳሎቹን እኩል ያድርጉ፣ ከኮርቻው አራት ጣት ያህል ይነሡ፣ ጉልበትና ክርንዎን አጠፍ ያድርጉ፣ አውራ ጣትዎ መሪውን የጠመጠመ ይሁን። ጎማው ማዶውን ከንፈር ሊመታ ሲል መሪውን ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። ዓይንዎን ደግሞ ጉድጓዱ ላይ አይትከሉ፤ እጅ ዓይን ያየውን ይከተላል። መሄድ የሚፈልጉበትን ንጹሕ መሬት ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ወደ ከተማ ሲገቡ፣ ማታም ወደ ለገጣፎ ሲመለሱ፣ ፀሐይዋ በአብዛኛው ከጀርባዎ ናት። ለዓይን ይመቻል፤ ግን ጥላ ወደ ፊት ስለሚወድቅ የጉድጓድ ጥልቀት ይጠፋል፣ ሁሉም ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ስለሆነች እርስዎን ላያይ ይችላል። በእነዚህ ሰዓታት ደማቅ ልብስና በቀንም የሚበራ የፊት መብራት ያስፈልግዎታል።

ጉድጓድ ብቻ አይደለም መሬት ላይ ያለው። ክዳኑ የተወሰደበት ማንሆል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰፈርተኛው ቅርንጫፍ ሲተክልበት ነው የሚታወቀው። መንገድ መሐል ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ካዩ ከፊት የተከፈተ ነገር ወይም የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው፤ ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ። የተበላሸ አይሱዙ ጎማ ሥር ታኮ የሆነ ድንጋይ መኪናው ከተነሣ በኋላ እዚያው ይቀራል፤ የራስ ቅል ያህል ድንጋይ በጨለማ ከጉድጓድ ይብሳል። የፍሳሽ ፍርግርግ ብረቱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይውጣል፤ በጎን ይለፉት ወይም አስያይፈው ያቋርጡት። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ በእርስዎ በኩል ተከልሎ ስለሚሄድ አያሳስብዎትም። በቃሊቲና አቃቂ በኩል የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ አስፋልት ውስጥ ተቀብሮ ካገኙት ግን ፊት ለፊት፣ ቢያንስ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ነው የሚሻገሩት፤ እርጥብ ከሆነ ወርደው ይግፉ። ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተለይ አዲስ በተሠራ መንገድ ላይ አይታይም። በሰንዳፋ መስመር ከጭነት መኪና የሚወድቅ የጤፍ ጭድ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ጠጠር ይቁጠሩት። እንጦጦ ለመውጣት ከወደዱ ደግሞ ከባሕር ዛፍ የሚረግፈው ጠንካራ ፍሬ ከጎማ ሥር እንደ ብይ ይሽከረከራል፤ ቁልቁለቱ ላይ በመታጠፊያዎቹ ጥግ ይከማቻል።

ጎማ በቀጭን ልቀይር ላሉት፣ እባክዎ አይቀይሩ። ወፍራም ጎማ ለዚህ መንገድ የተሰጠ ጸጋ ነው። ሊቀይሩት የሚገባ ነገር ካለ ጥርሱ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው የማውንቴን ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ጭበጣው ይቀንሳል፤ ሲታጠፉም ጥርሱ ይጣመማል። 26 በ1.75 እስከ 26 በ2.0 የሆነ (ቁመቱና ውፍረቱ በኢንች ነው)፣ መሐሉ ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ትንሽ ጥርስ ያለው ጎማ ይፈልጉ። ሲገዙ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ድርቅ ብሎ እንደ ፕላስቲክ የሚመልስ ወይም ጎኑ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ያለው ጎማ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ በመጋዘን ያረጀ ነው። አንዱን ብቻ የሚገዙ ከሆነ አዲሱን ከፊት ያስገቡት።

ንፋሱ ከጎማው ዓይነት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ክብደትዎ ከ65 እስከ 75 ኪሎ ከሆነ ለባለ 1.95 ጎማ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ከሁለቱም 3 ያህል ይቀንሱ። በጎማው ጎን የተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ከዚህ ከፍ ካለ የተጻፈውን ያክብሩ። ንፋስ ሲበዛ ጎማው ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። ሲያንስ በጉድጓዱ ከንፈርና በቸርኬው መሐል ከመነዳሪው (ንፋስ የሚሞላው የውስጥ ላስቲክ) ይቀረጠፋል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ሲያወጣ እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካሳየዎት ያፈነዳው ሚስማር አይደለም፤ ንፋሱ አንሶ ነበር። ጎሚስታ ቤት ሲያስሞሉ ቁጥሩን ይንገሩ፣ አጠገቡም ይቁሙ። የመኪና ኮምፕረሰር የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ስለሚሞላ ሳያስቡት 70 ይደርሳል። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት ያሳስታል፤ ትንሽ የንፋስ መለኪያ ገዝተው በሳምንት አንድ ቀን ይለኩ።

ፍሬንዎን አሁኑኑ ይፈትሹ። ያገለገለ ብስክሌት ነው ስላሉ አንድ ልዩ ነገር አለ፦ የትኛው እጀታ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ያውቃሉ? በቀኝ በሚነዳበት አገር ብዙውን ጊዜ የግራው እጀታ የፊቱን ነው የሚይዘው፤ ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው። ድንጋጤ ላይ ይህን ማምታታት አደገኛ ነው። እጀታውን አጥብቀው ሲይዙት ከመሪው ሁለት ጣት ያህል ርቆ መቆም አለበት፤ ከተጠጋ ገመዱ ይጠበቅ። የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ላስቲኩ አልቋል፤ ብረቱ ወጥቶ ቸርኬውን ሳይበላ ይቀየር። ደረቅና ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ከሁሉ በላይ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ መሬቱ ሲራስ ወይም ሲላላ ሥራውን በአብዛኛው ለኋላው ይስጡት።

ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈራው ጎርፉ አይመስለኝም። በበጋ ወራት አስፋልቱ ላይ አቧራ፣ የናፍጣ ጠብታና የሞተር ዘይት ይጠራቀማል። ዝናቡ በጣለ በመጀመሪያዎቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃዎች ይህ ሁሉ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ በደንብ ሲዘንብ ታጥቦ ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ይህን ጊዜ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ያሳልፉት። ታክሲዎች ተሰልፈው የሚቆሙበት ቦታ፣ የነዳጅ ማደያ መግቢያና መውጫ፣ የትራፊክ መብራት ፊት ያለው መሬት ዘይት የሚንጠባጠብባቸው ስለሆኑ ክረምቱን ሙሉ ይጠንቀቋቸው። እርጥብ የመንገድ ቀለም፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ መስመር፣ የብረት ክዳንና ለግንባታ የተነጠፈ ላሜራ ላይ አይታጠፉ፣ ፍሬንም አይያዙ። ኮብልስቶኑ ለብዙ ዓመት በጎማ ተፍቆ ከለሰለሰ ሲረጥብ እንደዚያው ነው።

ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከሆነ በዝናብ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ውኃውን መጥረግ ነው። ለመቆም ከሚፈልጉበት ቦታ አስቀድመው እጀታውን ለስለስ አድርገው ነካ ያድርጉት፤ ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ሲዞር ይጠረጋል፣ ከዚያ ሲይዙት ይይዛል።

የቆመ ውኃ ውስጥ አይግቡ። ውኃው ምን እንደደበቀ አይታይም፤ ማንሆሎቹም ብዙ ጊዜ ውኃ በሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናቸው። ውኃው አንድ ቦታ ላይ እየዞረ የሚሰምጥ ከሆነ ሥሩ ክፍት ነው፤ ከታች እየፈላ የሚወጣ ከሆነ ክዳኑ ተነሥቷል። ሌላ መንገድ ከሌለ መኪና ሲያልፍ ጎማው የረገጠበትን አይተው በዚያው መስመር በዝግታ ይለፉ። ከፔዳሉ በላይ በሆነ ወይም በሚፈስ ውኃ ግን በጭራሽ። በረዶ ሲጥል ደግሞ ይቁሙ፤ አስፋልት ላይ የተበተነ በረዶ ጎማ አያስይዝም።

ዋልካ ሌላ ጣጣ አለው። ከግንባታ ቦታ የሚወጡ ሲኖትራኮች በጎማቸው ይዘውት አስፋልት ላይ ያራግፉታል፤ በበጋ አቧራ ነው፣ ካፊያ ሲነካው ቅባት ይሆናል። ጥቁሩን ጭቃ ካዩ እንደ ጠጠር ቀጥ ብለው ይሻገሩት። ጭቃ ውስጥ የሚነዱበት ሰፈር ካለ በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ቢያንስ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ዋልካው እየተጋገረ ሲሞላው የፊት ጎማው ድንገት ሊቆም ይችላል። ጎማው መክበድ ሲጀምር ወርደው በእንጨት ይጥረጉት።

ስለ ማታ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ስለሆነ ከሥራ ሲወጡ መጨለሙ አይቀርም። በትንሿ ብልጭ ድርግም በምትል የቻይና መብራት ሰው ያይዎታል እንጂ እርስዎ ጉድጓድ አያዩባትም። የመንገድ መብራት በሌለበት 300 ሉመን ያህል ያላት መብራት ያስፈልጋል። መሪው ላይ ወይም ከዚያ ዝቅ ብላ ትታሰር፤ ብርሃኑ ከዝቅታ ሲመጣ ጉድጓዱ ጥላ ይሠራል፣ ጥላው ነው የሚያስታውቀው። ግንባር ላይ የምትታሰር መብራት ከዓይን ጋር ስለምትስተካከል ጥላውን ታጠፋዋለች። ብርሃኑ መሬት የሚመታው ከ8 እስከ 10 ሜትር ፊት ለፊት ይሁን፤ በዚህ ብርሃን በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አይሂዱ። ከኋላ ቀይ መብራት ያድርጉ።

ሄልሜቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ገመዱ ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። በወደቁ ጊዜ ራስዎ ላይ የነበረና መሬት የነካ ከሆነ ከውጭ ደህና ቢመስልም ይቀየር። ሲወድቁ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፍ ነውና የቆዳ ጓንት ያድርጉ። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና ሳሙና በደንብ ይጠቡ። መንገዱ የከብትና የአህያ ፋንድያ ያለበት ስለሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ከአምስት ዓመት በላይ ካለፈዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ካለ አይንዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሁለት ጊዜ የወደቀው ብስክሌትዎም ምርመራ ያስፈልገዋል። የፊት ጎማውን አንሥተው ያሽከርክሩትና በፍሬን ላስቲኮቹ መሐል ሲያልፍ ወደ ጎን የሚወዛወዝ መሆኑን ይዩ። ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች) በጣት ነካ ነካ ያድርጉ፤ ድምፁ ከሌሎቹ የወረደው ላልቷል። የጎማው ጎን ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ ጎማው ይጣል። የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቁት፤ ከመሪው ሥር ቋ የሚል ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል። የፊቱ ሹካ ከላይ በኩል የቀለም መሰነጣጠቅ ወይም መጨማደድ ካሳየ ግን አያስጠግኑት፣ ይቀይሩት፤ የጎበጠውን ብረት በመዶሻ ማቃናት ያዳክመዋል፤ ሲሰበር ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ላይ ነው።

በየቀኑ የሚያልፉበትን ክፉ ቦታ ያሳውቁ። በአያት በኩል ከሆነ ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን፣ በለገጣፎ በኩል ከሆነ ለሸገር ከተማ አስተዳደር ነው የሚቀርበው። በቀን ብርሃን ሁለት ፎቶ ያንሡ፦ አንዱ ከቅርብ ጫማዎን ከጎኑ አድርገው መጠኑ እንዲታይ፣ ሌላው ከሩቅ ሕንፃ ወይም ምሰሶ ተጨምሮ ቦታው እንዲለይ። ክዳን የሌለው ማንሆል ካገኙ ደግሞ ከኋላ የሚመጣ ስላለ ረጅም ቅርንጫፍ ይትከሉበት፤ ጫፉ ላይ ነጭ ፌስታል ይሰሩበት። ድንጋይ ግን አያስቀምጡ፤ ሲጨልም የሚመጣውን ብስክሌተኛ ይጥለዋል።